ዘበኛው ከፊት፣ ሌባው ከጓሮ



ደዶ ሆኖ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ተማሪዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። «ቲቸር፣ የኢሜይል ማጣሪያ ገዝተን እኮ የሐሰት ደብዳቤ አሁንም ይገባል!» አለኝ። ከመርከብ ወኪላቸው የመጣ የሚመስል ደብዳቤ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህ አስገቡ» ይላል። ለጥቂት ተረፉ፤ የዓመት ልፋታቸው ነበር የሚሄደው።

የዶሜይናቸውን ኤምኤክስ መዝገብ አየሁት። ኤምኤክስ ማለት ላኪው ሰርቨር «የእነዚህን ሰዎች ኢሜይል የት ላድርስ?» ሲል የሚያነበው ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ማጣሪያው 10 ላይ አለ። የድሮው ሰርቨር ግን «ለመጠባበቂያ» ተብሎ 20 ላይ ተትቷል። አጭበርባሪ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፤ ሆን ብሎ በ20ው ይገባል።

ይሄ ከፊት ዘበኛ ቀጥሮ የጓሮውን በር ክፍት መተው ነው። እኔ የምለው፦ የድሮውን መዝገብ አጥፉት። እሱ ብቻም አይበቃም፤ አድራሻውን ቀድሞ የያዘ አለና ሰርቨሩ ከማጣሪያው በቀር ከማንም እንዳይቀበል አድርጉ።

«ማጣሪያው ቢቆምስ?» ለምትሉ፦ ላኪው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ኢሜይላችሁ ወዲያው አይጠፋም።

«ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ» ከተባላችሁ ግን ማጣሪያ ኖረም አልኖረም ደውላችሁ ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በምታውቁት!