ማሽኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እንዴ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች የመረጥነው ከድሬዳዋ የተላከ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የእቃ ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ግን የትዳር ጉዳይ ነው። አሳጥረን እነሆ፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ሳገባ ድሬዳዋ ገባሁ። የባለቤቴ እህት ለሰርጋችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሰጥታን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ውሃ ማሞቅ አቆመ። ጠጋኙ ሲፈታው ሬዚስታንሱ በነጭ ቅርፊት ተለብጦ ተቃጥሏል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያችንም ውስጡ ኖራ የተቀባ መስሏል። ባለቤቴ ‹እቃ መያዝ አታውቂም› ይለኛል። አማቴማ ‹ያዲሳባ ልጅ ሳሙና እየቆለለች የልጄን ንብረት ጨረሰችው› ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። እናቴ ቤት ማንቆርቆሪያው ስንት ዓመት ሲያገለግል እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ? አሁንማ ማሽኑ ቢሠራም መንካት ፈርቼ በእጄ ነው የማጥበው።»

ሙሽሪት ነኝ፣ ከድሬዳዋ

ውድ እህታችን፣

አይዞሽ! ጥፋተኛው ቧንቧው ውስጥ ነው ያለው።

የእናትሽን ቤት ማንሳትሽ ጥሩ አደረግሽ፤ ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች የሚመጣ የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው። ይህ ለስላሳ ነው። (እዚያም ቢሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ከግድቦቹ የበለጠ ማዕድን አለው።) የድሬዳዋ ውሃ ግን የሚወጣው ከመሬት ስር ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይመጣል። ባለሙያዎች «ጠንካራ ውሃ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ልኩ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች የሆነው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ የሆነው በጣም ጠንካራ ይባላል። መቀሌም በኖራ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠች ይኸው ጣጣ አለባት።

ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ማዕድኑ አይታይም። ሲሞቅ ግን ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ትኩስ ነገር ላይ ይለጠፋል። ሬዚስታንሱ ቅርፊት ሲለብስ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ራሱን ያግላል፤ መብራት ይበላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሳሙናስ? ማዕድኑ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ስለሚሆን አረፋ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሳሙና ያስጨመረሽ ውሃው ራሱ ነው! ንፍሮው ቶሎ አልበስል ማለቱ፣ ሻዩ ላይ ስስ ሽፋን መታየቱም ከዚሁ ነው። ለጤና ግን አትስጊ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ናቸው።

እንግዲህ የሚከተለውን አድርጊ፦

1. ማንቆርቆሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እጠቢው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ ጨምረሽ ለብ ካለ በኋላ ከሶኬት ንቀይው። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይደፋና በደንብ ይለቅለቅ። ንጹህ ውሃ አንዴ አፍልተሽ ድፊ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን አቼቶው አይደርበት፤ ይበላዋል።

2. ማሽኑ ከተጠገነ በኋላ ልብስሽን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እጠቢ። ቅርፊት የሚበዛው ውሃው በጣም ሲሞቅ ነው። በየጊዜው ሲትሪክ አሲድ በሚባለው ነጭ ዱቄት ወይም ለዚሁ በተሠራ መድኃኒት ባዶውን አሽከርክሪው፤ መጠኑን ከመመሪያው ላይ እይ።

3. አቼቶም ሆነ ሲትሪክ አሲድ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቀል! መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

4. የሻወሩ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ፈትተሽ አቼቶ ውስጥ አሳድሪው። የእንፋሎት ካውያ ካለሽም ተኩሰሽ ስትጨርሺ ውሃውን ድፊ።

የባለቤትሽንና የአማትሽን ነገር ደግሞ በጭቅጭቅ አትፈቺውም፤ አሳያቸው። ዝናብ ሲጥል በንጹህ እቃ ትንሽ ውሃ ያዢ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አምጪና አንዱ ውስጥ የዝናቡን፣ ሌላው ውስጥ የቧንቧውን ውሃ እኩል ጨምሪ። የገላ ሳሙና እኩል ፍቀሽ ጨምረሽ ሁለቱን ናጪ። የዝናቡ አረፋ በአረፋ ይሆናል፤ የቧንቧው ይደፈርሳል። አማትሽ ዕድሜ ልካቸውን ያጠቡበት ውሃ ነውና አይተው ዝም የሚሉ አይመስለንም። ታዲያ «አያችሁ!» ብለሽ እንዳታሳፍሪያቸው። «እማማ፣ እርስዎ ይህን ውሃ እንዴት ቻሉት?» ብለሽ ጠይቂ። ከሳሽ የነበሩት መካሪ ይሆኑሻል።

ለአንተም ለባልየው አንድ ቃል አለን። ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ይቀየራል። ሚስትህ ግን በገዛ ቤቷ ማሽን ለመንካት ፈርታ በእጇ እያጠበች ነው። ከማሽኑ በፊት መጠገን ያለበት ይኼ ነው። ለእናትህ እውነቱን ንገር፤ አቼቶውንም ራስህ ገዝተህ ግባ።

ቸር ሰንብቱ!