እስቴ የራሷ ሬዲዮ ይገባታል

እንጀራዬ በወረዳችን በእስቴ ሬዲዮ መጠገን ነው። «አልሰማ አለኝ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ብዙው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የአገሩ አቀማመጥ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ፊቱ ከተገተረ ከጀርባው ያለው ሰው ምንም አይሰማም። የጉናን ተራራ፣ ከዚያ የስማዳን ገደላገደል የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። በመካከለኛ ሞገድ ለሚያዳምጡ ሽማግሌዎች የምመክረው ሬዲዮኑን በያዙበት እንዲያዞሩት ነው፤ አንቴናው ውስጡ ያለው ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነውና። የውጭውን አንቴና መዘው የሚጎነትሉት በከንቱ ነው።

ወጣቱ ሬዲዮ ትቶ ፍላሽ ይዟል። ዘፈን ጫንልኝ ሲለኝ አዲስ አበባ የወጣውን ሁሉ እጭንለታለሁ። አንዳንዱ ደግሞ በስልኩ ሠርግ ላይ የቀዳውን ያመጣል፦ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ ከዳሱ ጥግ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ ከኋላ እልልታው ሲቀልጥ። ለእኔ ከስቱዲዮው ዘፈን ይኼ ይበልጥብኛል። ስልኩ በወደቀ ቀን ግን አብሮ ይጠፋል።

ይህን ሬዲዮ ያሰማልን እንዳንል፣ የአገራችን ሬዲዮ ከ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ጣቢያ ጀምሮ ከማዕከል ወደ ገጠር ሲያወራ ኖሯል። ብሥራተ ወንጌል በ1955 ሲከፈትም፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሲመጣም ማይክሮፎኑ አዲስ አበባ ነበር። አላማርርም፤ ብዙ አስተምረውናል።

ኮሎምቢያ ውስጥ ግን ሱታቴንሳ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። በፈረንጆች 1947 ሆሴ ሳልሴዶ የሚባሉ ወጣት ቄስ አነስተኛ ማሰራጫ ተክለው የአካባቢውን ገበሬዎች ሙዚቃ አየር ላይ አዋሉ። ቀጥሎ ፊደል፣ ጤና፣ እርሻ መጣ፤ ገበሬው በየቤቱ በባትሪ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ይማር ነበር። የዚያ ጣቢያ ማኅደር ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኔን የሚገርመኝ አጀማመሩ ነው፦ ሕዝቡ መጀመሪያ የራሱን ዘፈን ሰማ፣ ከዚያ ትምህርቱን ለመስማት ጆሮ ሰጠ።

እኛ ጋ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለትርፍ ያልቆመን የማኅበረሰብ ሬዲዮ አንድ የፈቃድ ዓይነት አድርጎ አውቆታል፤ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም አልሰረዘውም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሞክሮታል፤ ዋግ ኽምራም በራሷ ቋንቋ ተናግራበታለች። «ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ደንበኛ አለ። ስልኩ የጠፋ በሬ አያፈላልግለትም፣ የገበያ ዋጋ አይነግረውም፣ የጎረቤቱን ልጅ ማሲንቆ ለስማዳና ለጋይንት ሰው አያሰማለትም።

ነገሩ የሚቸግረው ማሰራጫው ከመጣ በኋላ ነው። መብራት ይጠፋል፣ የሚሠሩት ልጆች ደመወዝ ይፈልጋሉ፣ ባለሥልጣን ደግሞ ዜናውን የራሱ ሊያደርገው ይዳዳዋል። ስለዚህ ቦርዱ ከዕድሩ፣ ከመምህራኑና ከአዝማሪዎቹ ይመረጥ። የወረዳ ሹሞቻችን፣ በውጭ ያላችሁ የእስቴ ልጆችም፣ የፈቃድ ማመልከቻውን ዘንድሮ አስገቡልን፤ ለጥገናው እኔ አለሁ።