ትልቁ ጥይት የኢንዛጊ ዘመድ ነው

አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ሞተር ሳይክል እየጋለበ ጠመንጃውን በአንድ እጁ አሽከርክሮ ሲያቀባብል ያላየ የቪዲዮ ቤት ልጅ የለም። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1991 የወጣው «ተርሚኔተር 2» ነው። መሣሪያው ዊንቸስተር፤ ከቃታው ሥር ያለችውን የብረት እጀታ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ ሲያደርጓት ባዶው ቀለህ ይወጣና አዲስ ጥይት ይገባል። ፈረንጆቹ እጀታዋን ሊቨር ይሏታል። እርግጥ የአርኖልድ ሾትገን ነበረ፤ አዳኞች የሚጣሉበት ግን አንድ ከባድ አረር የሚተኩሰው ወንድሙ ነው።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የሠፈር ልጅ ስልኩን አውጥቶ የአደን ፎቶውን ሲያሳይ፣ ዲላም ይሁን ወርቃ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ክርክሩ ይጦፋል። «ከባዱ ነው የሚሻለው!» «ምን ያደርጋል፣ ቀላሉ!» ልክ እንደ አጥቂ ግዢ ወሬ ማለት ነው። ደጋፊ ደግሞ አመሉ ነው፣ ሁልጊዜ የሚመርጠው ጉልበተኛውን ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በሊቨር ጠመንጃ አፍቃሪዎች ዘንድ ስሙ ገናናው ጥይት «45-70» ይባላል። እ.ኤ.አ በ1873 ለአሜሪካ ጦር የተሠራ ሲሆን የአረሩ ውፍረት 11.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለሐበሻ ግን ይህን የሚያህል ጥይት ብርቅ አይደለም። አባቶች «ውጅግራ» ያሉት የፈረንሳዩ ግራስ የ1874 ሥሪት ነው፤ እሱም 11 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ ዓድዋም ዘምቷል። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ስለዚህ በውጅግራ የሚያድን ሰው መጀመሪያ ይጠጋል፣ ከዚያ ያነጣጥራል፤ ከሳተ ያለው አማራጭ እግሩ ነው።

ወደ ኳሱ እንምጣ። እ.ኤ.አ ሰኔ 1997 ሊዮን ላይ ሮቤርቶ ካርሎስ ከ35 ሜትር ገደማ የመታት ቅጣት ምት ስንቱን የሠፈር ልጅ አሳስታለች! ከዚያች ቀን በኋላ ኳስ ከአጥር ውጪ ያልለቀመ ሜዳ የለም። ብዙዎች 45-70ን በዚያ ዓይን ነው የሚያዩት፤ ከሩቅ መትቶ መረብ የሚበጥስ ጉልበተኛ። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ይህ ጥይት ፊሊፖ ኢንዛጊ ነው።

ኢንዛጊ ማን ነበር? ከሩቅ መትቶ ሰው የማያስደነግጥ፣ አብዶ የማያውቅ፣ ግን ሳጥን ውስጥ ከተገኘ የማይምር አጥቂ። እ.ኤ.አ በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱም ጎል የሱ ነበር፤ አንዷ የፒርሎን ቅጣት ምት ሰውነቱ ነክቷት የገባች ናት። ከሳጥን ውጪ አውጥተህ ቅጣት ምት ምታ ብትለው ግን ስታዲየሙ ይስቃል።

45-70ም እንደዚያው ነው። በድሮው ልክ የተሞላው ጥይት 26 ግራም የሚመዝን አረር አለው፤ ከባድ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ማነጣጠሪያው 100 ሜትር ላይ ከተስተካከለ 200 ሜትር ሲደርስ አረሩ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ግማሽ ሜትር ማለት አጋዘኑን ደረቱን ልትል እግሩን መስበር ነው። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል፤ ይህ በማንም አገር ስፖርት አይባልም።

ሌላም ጣጣ አለ። የአብዛኞቹ ሊቨር ጠመንጃዎች ጥይት የሚደረደረው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነው። የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀጣጠያ ይነካል። ጫፉ ሹል ብረት ቢሆን በርግጫው ብቻ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉን ጠፍጣፋ ያደርጉታል፤ ጠፍጣፋ ደግሞ አየር መሰንጠቅ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ሹል ጥይት መጥቷል፣ ነገሩን አሻሽሎታል፤ ኢንዛጊን ግን ሮቤርቶ ካርሎስ አላደረገውም።

ከዚህ ቱቦ ያመለጠው የ1895 ዊንቸስተር ነው። ጆን ብራውኒንግ ጥይቱን በሳጥን ካዝና እንዲይዝ አድርጎ ነደፈው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሥልጣን በወረዱ በወሩ፣ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1909 ጎረቤት ኬንያ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው፤ «405» የሚባለውን ትልቅ ጥይት የሚጎርሰውን። ለአንበሳ ከሱ በላይ የለም ባይ ነበሩ። ታዲያ እኚያው ሰውዬ ለዝሆንና ለአውራሪስ ሲሆን የሚያነሱት የእንግሊዝ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነው፤ ከሩቅ ለሚተኮስ ቀላል አውሬ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ ነበራቸው። የሊቨር ዋና ደጋፊ እንኳ አንድ ተጫዋች በየቦታው አላሰለፈም!

አሁን አገር ቤት። ፈቃድ ከፍሎ ለሚያድን ሰው የኢትዮጵያ ትልቁ ስም የደጋ አጋዘን ነው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ በ1910 ነው፤ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። በባሌና በአርሲ ደጋ አዳኙ ብዙ ጊዜ የሚተኩሰው ከአንዱ ሸንተረር ወደ ማዶው ነው። እዚያ 45-70 ይዞ መሄድ ኢንዛጊን ተመላላሽ ተከላካይ አድርጎ ማሰለፍ ነው። በኦሞ በኩል ለጎሽ የሚወጣም ቢሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ መነሻ የሆነውን «375» ቢይዝ ይሻለዋል። ለሊቨሩ የሚቀረው ጥሻ ነው፤ ከ50 እና 60 ሜትር ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ድኩላ ወይም የዱር አሳማ። እዚያ ላይ ግን አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቅጠል ውስጥ አይንቀረፈፍም። ንጉሥ ነው።

«ታዲያ ወርቃ ጥሻ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ከሩቅ ሲያዩት ይመስላል። በጌዴብ በኩል ያለችው ወርቃ፣ ቡናዋ የይርጋ ጨፌን ስም ይዞ ዓለምን የሚዞር፣ አረንጓዴዋ አገር ናት። ግን ያ አረንጓዴ ጫካ ሳይሆን ጓሮ ነው። ከላይ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ መሐሉ ላይ ቡና፣ ከቡናው ኋላ ቤት፣ ከቤቱ ኋላ ደግሞ ሌላ ቤት። በመስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በዚሁ ነው፤ ደን የሚመስል የሰው እጅ ሥራ። የባሌ ተራሮች ፓርክም የተመዘገበው በዚያው ጉባዔ ነበር።

ጌዴኦ በገጠር ሕዝብ ጥግግቱ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ነው። 26 ግራም አረር የእንሰት ቅጠል አያቆመውም፤ አሳማውን ከሳተ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ ትኑር አትኑር ተኳሹ አያይም። በዚያ ላይ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መቶ ሺዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ለዚያ ሰው የጠመንጃ ድምፅ የስፖርት ድምፅ አይደለም፤ ልጁን አንጠልጥሎ የሚወጣበት ድምፅ ነው። ሕጉንም የሚረሱት አሉ፦ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን፣ የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላሉ።

አሳማና ዝንጀሮ ማሳውን የሚያተራምስበት ገበሬ ውሻ አለው፣ አጥር አለው፣ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ ያድራል። ያደክማል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ግን የማንንም ግድግዳ አይበሳም። የዳያስፖራው ልጅ አደን ካማረው ፈቃዱን ያውጣ፣ ወደ ተፈቀደው ቀጠና ይውጣና ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ሜትር ላይ ነው የምተኩሰው? ከ100 በታች ከሆነ ሊቨሩን ይያዝ፤ ከዚያ ካለፈ ለሌላው ይቀይር። ወርቃ ሲመጣ ግን ፎቶውን አሳይቶ ቡናውን ይጠጣ፤ ምሽት ላይ ደግሞ ጨዋታ አለ።