ቡናው ተቀመሰ፤ ጆንያውስ?

ቡና ላኪዎቻችን ሲገናኙ ስለ ኒውዮርክ ዋጋ፣ ስለ ደረጃና ስለ ቅምሻ ውጤት ብዙ ያወራሉ። ስለ ጆንያ የሚነሳው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ገባ?» የሚለው። በምን ዘይት ተሠራ፣ ከምን ጋር ተጭኖ መጣ፣ የት መጋዘን አደረ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ገዢው የሚረከበው ቡናውን ከነጆንያው ነውና ቡናው ከመሞላቱ በፊት ባዶው ጆንያ ላቦራቶሪ ይግባ።

ነገሩ የተጋነነ የሚመስለው ካለ የጃፓንን ጉዳይ ያስታውስ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የተለየ ወሰን ላልተቀመጠላቸው የፀረ ተባይ ቅሪቶች በሙሉ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም የሚል አጠቃላይ ወሰን በሥራ ላይ አዋለች። በ2008 ደግሞ በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። ከታላላቅ ደንበኞቻችን አንዷ ወደነበረችው አገር የሚሄደው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ። የኛ ቡና ገበሬ አብዛኛው ኬሚካል የማይረጭ ነው። ስለዚህ ምንጩ ሲፈለግ ጥርጣሬ ካረፈባቸው ነገሮች ዋነኛው ጆንያው ነበር።

እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ ይህም 19.2 ቶን ቡና ነው። በጃፓኑ ወሰን ከተሄደ ለዚህ ሁሉ ቡና የሚፈቀደው ቅሪት ከ0.2 ግራም ያነሰ ነው። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት ጭኖ የዋለ መኪና ሳይታጠብ ጆንያ ቢጭን ይህን ያህል ማንሳት አያቅተውም። እኛ እኮ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን እስከመጥራት የደረስን ሰዎች ነን። አንድ ከረጢት ዛሬ ይህን ነገ ያንን መያዙ ለዓይናችን ነውር ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛው አደጋ ከፋብሪካው ይነሳል። ጆንያ የሚሠራበት ጁት በአብዛኛው የሚመረተው በሕንድና በባንግላዴሽ ነው። ቃጫው ደረቅ ስለሆነ ከመፈተሉ በፊት በዘይትና በውኃ ይለሰልሳል። ዘይቱ የአትክልት ከሆነ ደህና፤ ርካሹ ግን ከነዳጅ የሚወጣው ነው። አዲስ ጆንያ ሲፈታ ላምባ ላምባ የሚሸተውም ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ ዘይት ወደ ምግብ ለመግባት መፍሰስ አያስፈልገውም፤ ቀለል ያለው ክፍል ይተንናል፣ በባሕር ላይ በጋለ ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ይብስበታል። በስዊዘርላንድ የዙሪክ የምግብ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኬሚስት ኮኒ ግሮብና ባልደረቦቻቸው የነዳጅ ዘይት ከጁት ጆንያ ወደ ምግብ እንደሚተላለፍ ያሳዩት በ1991 ነው። በ1998 ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት ለቡና፣ ለካካዎና ለተፈለፈለ ለውዝ የሚውል ጆንያ መርዛማ ባልሆነ ዘይት እንዲሠራ የሚል መስፈርት አወጣ።

ገዢዎቹም ቁጥራቸውን እያጠበቡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሚያዝያ 2022 የተስማሙበት መግለጫ፣ ከነዳጅ ዘይት ውስጥ በጎጂነቱ ይበልጥ የሚፈራው አሮማቲክ የሚባለው ክፍል ቅባታቸው ከ4 እስከ 50 በመቶ በሆነ ምግቦች ውስጥ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም ካለፈ ዕቃው ከገበያ ይነሳ ይላል። ጥሬ ቡና ከመቶ አሥር እጅ በላይ ቅባት አለው። ለአንድ ኮንቴይነር ሲሰላ 19.2 ግራም ይመጣል፤ አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። ይህንን ቀማሽ አይደርስበትም። አፍንጫ ኃይለኛ ሽታ ይለይ ይሆናል፤ ሚሊግራም ግን አይቆጥርም።

ለመሆኑ ኪሳራው የማን ነው? ጆንያ ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ ከርሟል። ገበሬውና አቅራቢውም ተከፍሏቸዋል። በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረውና ገዢው የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው። ዕቃው ቢመለስ ወይም ዋጋው ቢቀነስ የባንክ ብድሩን ይዞ የሚቀረው እሱ ነው። በጆንያ ጥቂት ሳንቲም አተርፋለሁ ብሎ ኮንቴይነር ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

«ምርመራው ውድ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ግን ያን ያህል ውድ አይደለም። የአትክልት ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲፈላ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ የነዳጅ ዘይት አይለወጥም። ስለዚህ ከጆንያው ላይ የወጣው ቅባት ይፈላና ሳሙና ሳይሆን የቀረው ይመዘናል። በ1998ቱ መስፈርት ይህ ቅሪት በኪሎ ጆንያ ከ1,250 ሚሊግራም ማነስ አለበት። ደህና የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ያላለፈ ጆንያ ወዲያው ይመለሳል። ለፀረ ተባይ ቅሪትና ለአሮማቲኩ ክፍል ግን ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቢሆንም ጆንያ የሚገባው በአሥር ሺዎች ነውና ወጪው ለአንድ ጆንያ ሲካፈል ኢምንት ነው። ትናንሽ ላኪዎች ተባብረው በአንድ ቢያስመረምሩ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

«ውስጡን ላስቲክ እናደርጋለን» የሚሉም አሉ። ላስቲክ እርጥበት ይከላከላል፤ ተራው ፖሊኤትሊን ግን የነዳጅ ዘይትን ትነት ብዙም አያግድም። ላስቲኩ ራሱም ምርመራ አለበት። በአውሮፓ ሕግ ከምግብ ጋር የሚነካካ ፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚለቀው ጠቅላላ መጠን በአንድ ካሬ ዴሲሜትር ከ10 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ለረጅም ጊዜ በተራ ሙቀት ለሚቀመጥ ዕቃ ፈተናው የሚካሄደው ምግብን በሚተካ ፈሳሽ ውስጥ በ40 ዲግሪ ለ10 ቀን ነው። ችግርን በሌላ ችግር መሸፈን መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በጆንያ ግዢ ውል ላይ «በአትክልት ዘይት የተሠራ፣ ለምግብ የሚሆን» የሚል ቃል ከነቁጥሩ ይግባ፤ ምርመራውን ካላለፈ ሻጩ እንደሚመልስ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ናሙናው ከመሞላቱ በፊት ከየጭነቱ በላኪው ሰው ይነሳ እንጂ ሻጩ መርጦ አይላክ። ከናሙናው ግማሹ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ክርክር ቢነሳ ምስክሩ እሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪ ሲመረጥ አይኤስኦ 17025 አለኝ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ዕውቅናው ለዚሁ ምርመራ መሆኑ ይታይ። አራተኛ፣ ባዶ ጆንያ ከማዳበሪያ፣ ከመድኃኒትና ከነዳጅ ጋር በአንድ መጋዘንም ሆነ በአንድ መኪና አይዋል።

ደላሎችም ከዚህ ጥቅም አላቸው። የጆንያው የምርመራ ወረቀት ከቅምሻ ውጤቱ ጋር ተያይዞ የቀረበለት ገዢ ለመወሰን አያመነታም። በሚቀጥለው ወቅት ጆንያ ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የላቦራቶሪ ወረቀቱን ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ሻጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ልዩነቱን በኋላ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።