አምፖሉን አትንቀሉት

መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ድንገት ይበራበታል። ያን ጊዜ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ይህ መብራት ልማዱ ነው፤ ይዋሻል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ደግሞ ደንግጦ ጋራዥ ይገባና ያዘዙትን መለዋወጫ ሁሉ ይገዛል። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። የማስጠንቀቂያ መብራት ምስክር ነው፤ ምስክርም ሳይሰማ አይባረርም፣ ሳይመረመርም አይታመንም።

ይህን አሳብ ያገኘሁት ባለፈው ክረምት በዕረፍት ጊዜዬ አጎቴን በጋራዥ ሥራቸው ሳግዝ ነው። አንድ ጎልማሳ አሮጌ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። መኪናይቱ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሞተሯ ከመቀመጫው በስተኋላ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን አገር የተሠራች ናት። ሞተሯ ተነሥቶም የፍሬኑና የባትሪው መብራት አብረው እንደ በሩ ይቀራሉ። ባለቤቷ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ የፍሬን ሸራ አስለውጧል፤ ያም አልበቃ ብሎ ሌላ የፍሬን ዕቃ ገዝቷል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ተማርሮ «ጋሼ፣ አምፖሉን ይንቀሉልኝና ልገላገል» አላቸው።

አጎቴም «ልጄ፣ ውሻህ ሌሊት ቢጮኽ ሌባውን ትፈልጋለህ እንጂ ውሻውን ትገድላለህን?» ብለው የቮልት መለኪያቸውን አነሡ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ የተገኘው 12.1 ቮልት ብቻ ነበር። ዲናሞው ደኅና ቢሆን ኖሮ 14 ቮልት ገደማ መሆን ይገባው ነበር። ዲናሞው ተፈትቶ ሲታይ በውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል። በጥቂት ገንዘብ ካርቦኑ ተለወጠ፤ ሁለቱም መብራቶች ጠፉ። ፍሬኑ መጀመሪያውንም አልታመመም ነበር።

የዲናሞ ሕመም የፍሬንን መብራት ለምን ያበራል? በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ የጃፓን መኪኖች የፍሬኑ አምፖል መፈተኛ ሽቦ ከዲናሞው ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ቁልፍ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ኤሌክትሪኩ በአምፖሎቹ አልፎ ወደ ዲናሞው ስለሚሄድ ይበራሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ኃይል ሲያመነጭ ግን በሽቦው ሁለት ጫፍ ያለው ቮልት እኩል ስለሚሆን ይጠፋሉ። ዲናሞው ካልሠራ ሁለቱም እንደ በሩ ይቀራሉ። እንግዲህ መብራቱ አልዋሸም፤ ቋንቋውን ያወቀለት ጠፋ እንጂ።

ከዚህ የተነሣ ለወላጆቻችን ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ መብራቶቹን ተመልከቱ። ያን ጊዜ መብራት የሚገባው አምፖል ካልበራ ምስክሩ ሞቷል ማለት ነውና ከሚበራው ይልቅ እርሱ ያስፈራል። ሁለተኛ፣ ቀለሙን ለዩ። ቢጫ «በቶሎ አስመርምረኝ» ሲል ቀይ «ቁም» ይላል። በተለይ የሞተር ዘይት ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ቢበራ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ጥፋቱ የትንሿ መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የሚታወቀው የዘይቱ ልክ ታይቶ፣ ግፊቱም በሌላ መለኪያ ተለክቶ ነው እንጂ በግምት አይደለም። ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይት ጎደለ ተብሎ ዝም ብሎ አይሞላ። ሸራው ሲያልቅም፣ ቧንቧው ሲያፈስም ዘይቱ ዝቅ ይላልና ምክንያቱ አስቀድሞ ይፈለግ።

«ዛሬ ኮምፒዩተር አለ፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለገበያ የቀረቡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ጥፋታቸውን በቁጥር የሚናገሩበት አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ሆኖም ቁጥሩ የሚነግረን የሕመሙን ምልክት ነው። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ቁጥር ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ነዳጁ አነሰ ይላል። የተሰነጠቀ የአየር ጎማ ይሁን፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ይሁን አይለይም። ቁጥሩን አይቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ሕመምተኛው አተኮሰው ስለ ተባለ ብቻ መድኃኒት ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ እንደሚገዛ ነው።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። የኤሌክትሪክ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ አይቅር። በዓመት አንድ ቀን የአንድ አሮጌ መኪና ሽቦ በፊታችን ተገልጦ፣ በቮልት መለኪያ እየለካን እንማር። ያ ጎልማሳ ለማይፈልገው ዕቃ ያፈሰሰው ገንዘብ ምናልባት የልጆቹ ልብስና ደብተር ይሆን ነበር። አምፖሉን አስነቅሎ ሄዶ ቢሆን ደግሞ፣ ፍሬኑ በእውነት በታመመ ቀን ማን ይነግረው ነበር?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እንግዲህ ቀዩ መብራት ሲበራ አንናቀው፣ አንደንግጥለትም፤ ለክተን እንጠይቀው።