ልጃችሁ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ



ትምህርት ቤት ለመስክ ትምህርት ገንዘብና የወላጅ ፈቃድ ሲጠይቅ ባልና ሚስት የማይስማሙበት ጊዜ አለ። አንዱ «ድንጋይ ለማየት ይህ ሁሉ ወጪ?» ይላል። ሌላው «ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ምድር ዕድሜ እያስተማሩ እምነቱን ያናጉበታል» ብሎ ይሰጋል። እስቲ ሁለቱንም ረጋ ብለን እንያቸው።

ስለ ወጪው፣ አርጆ ላለ ቤተሰብ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ራሱ መማሪያ ነው። ሰፊው የኢትዮጵያ ደጋ የተሠራው፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ ፈስሶ በተደራረበ የቀለጠ አለት ነው። ያንን ጥቁር ድንጋይ ዝናብና ሙቀት ሲያፈራርሱት ቀይ አፈር ይሆናል፤ ጤፉና በቆሎው በእርሱ ላይ ይበቅላል። ዝናቡም በዴዴሳ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ድንጋዩ፣ ውኃው፣ አየሩና ሕይወት ያለው ሁሉ የተያያዘ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎች ደግሞ ከአምቦ ወጣ ብለው ወንጪን ቢያዩ መልካም ነው፤ ሐይቁ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው።

ስለ እምነቱስ? እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ መንደሮችንና የከብት ግጦሽን ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም እስከ ሕንድ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ «የኃጢአታቸው ቅጣት ነው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ጌታችን ግን በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል፤ ሰሚዎቹንም ወደ ገዛ ንስሐቸው መለሳቸው። በአፋር የምድር ንጣፎች ቀስ በቀስ እየተለያዩ መሆናቸውን የተማረ ልጅ ከብቱ ግጦሽ ባጣው አርብቶ አደር ላይ አይፈርድም፤ ይጸልይለታል፣ ከኪሱም ያካፍላል። እንግዲህ እውቀት ባልንጀራን በሐሰት ከመክሰስ ይጠብቃል።

የዓመቱን ቁጥር ሰምቶ ቢጠይቃችሁ አትቆጡት። በዚህ ጉዳይ በአማኞች መካከልም ልዩ ልዩ አሳብ አለ። ቤት ውስጥ መጠየቅ የተከለከለ ልጅ ጥያቄውን ይዞ ሌላ ደጅ ይሄዳል። በቅድሚያ ባልና ሚስት ለብቻችሁ ተነጋገሩ፤ በልጁ ፊት አንዳችሁ የሌላውን ቃል አታፍርሱ። ሲመለስ ያመጣውን ድንጋይ ተቀበሉት። «ምን አየህ? ምን አስገረመህ? ምን አልገባህም?» በሉት።

ከዚያም መዝሙር 104ን አብራችሁ አንብቡ። ተራራው፣ ምንጩ፣ ሣሩና የሚጤሰው ተራራ በአንድ መዝሙር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የአንድ ፈጣሪ ሥራ ናቸው።