በጉን አስቀድሞ ገበሬው ይምረጠው

መንዝ ውስጥ በግ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ፣ ቀንዱን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ደብረ ብርሃን ላይ ማርቢያ ተቋቁሞ እንደ ኮሪዴልና ሐምፕሻየር ያሉ የውጭ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ግን ይህ ዓይን ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ዲቃላው ላት ስላልነበረው ገበሬው ፊቱን አዞረበት። ላታሙ አዋሲ ከእስራኤል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ እምነት ይህ ሁሉ ድካም ለገበሬው በሚቀርብ አንድ ጥያቄ ሊቀር ይችል ነበር።

ጥያቄው ዘግይቶም ቢሆን ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ በተደረገ የመስክ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በመንዝ፣ በአፋር፣ በቦንጋና በሆሮ የምርጫ ሙከራ ተካሄደ። በየአካባቢው ሁለት ማኅበረሰብ፣ በየማኅበረሰቡ 60 አባወራ ተሳተፈ። “ምን ዓይነት በግ ትፈልጋለህ?” ቢባል ማንም ሰው ትልቅም፣ መንታ ወላጅም፣ ወተታምም ይላል። ስለዚህ የሁለት በጎች መግለጫ ጎን ለጎን ቀረበለት፤ አንዱ ገዘፍ ያለ ግን ላቱ የማያምር፣ ሌላው ላተ መልካም ግን አነስ ያለ ሊሆን ይችላል። አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ይተዋል፤ ለምን ሲል ምን እንደሚተው የሚታወቀውም ያኔ ነው። እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ መረጠ።

በአውራው ግዝፈትና በእናቲቱ ልጅ አሳዳጊነት ሁሉም ተስማማ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ተለያዩ፦ አፋር ወተትና የፀጉር ቀለም፣ ሆሮ መንታ፤ መንዝ ከቦንጋና ከሆሮ ጋር የአውራውን የማጥቃት ብርታት። ለአገሩ ሁሉ የሚሆን አንድ በግ የለም ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ምርጫ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ስሌት የተፈተነ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዳንኤል ማክፋደን የሳን ፍራንሲስኮ አዲስ ባቡር ከተጓዡ 6.3 በመቶውን ያገኛል ብሎ ተነበየ፤ ያገኘው 6.2 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አንድ ስጋት ግን አለን። በመግለጫ ብቻ የቀረበ በግ ገንዘብ አያስወጣም። ግልገል የምታሳድገው እመቤት ሳትጠየቅ አባወራው ብቻ ከመረጠ ደግሞ ውጤቱ ግማሽ ነው። ምርጫው ከገበያ ዋጋ ጋር መመሳከር፣ ሴቶችም ለብቻቸው መጠየቅ አለባቸው።

ከጥናቱ በኋላ በአራቱም አካባቢዎች በግ አርቢዎች ከራሳቸው መንጋ አውራ እየመረጡ በጋራ የሚያራቡበት ሥራ ተጀምሯል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ነገሩ በበግ ብቻ አይቆምም፤ ለአንኮበር ደጋ የሚላክ የገብስ ዘርም ከዚሁ ሕግ ሊያመልጥ አይገባም፤ ምርቱ ብቻ ሳይሆን ለቆሎው፣ ለጠላው፣ ለከብት ገለባው ገበሬዋ የምትሰጠው ቦታ ይጠየቅ።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ተጠቃሚው በምርጫ ያልፈተነው ዝርያ ከምርምር ጣቢያ አይውጣ፤ በጀትም አይመደብለት።